ክንፉ የማይጋርደው ወንበር

መስከረም 20

ለዘመዴ ለድንቡሼ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታዬ ከበሩ ገብቶ እስከ ጓዳ ድረስ ይዳረስልኝ፤ ለስፌት መኪናሽም ጭምር፣ መርፌ አይሰበርባት።

በስልክ ያልነገርኩሽ አውቄ ነው። እናቴ ስልክ በተደወለ ቁጥር «ድምፁን ጨምሪው፣ እኔም ልስማ» ትልና የኔና ያንቺ ወሬ የሷ ወሬ ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጽፍልሻለሁ፤ አንቺም በዚያው መልሺልኝ።

ወሬው ይኸውልሽ፤ ለእናቴ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጥኩላት! ኅዳር አጋማሽ ላይ ትመጣለች። ቪዛው ከወጣ ወዲህ እግሬ መሬት አልረገጠም።

አሁን ደግሞ ልብ ብለሽ አንብቢ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ቀኑን ሙሉ አየር ላይ ናት። የመረጥኩላት ወንበር በግራ በኩል መስኮት ዳር ነው። አውሮፕላኑ ጠዋት ስለሚነሳ ፀሐይዋ በቀኝ ነው የምትወጣው፤ በቀኝ የተቀመጠ ሰው ዓይኑን ሲወጋው የመስኮቱን መዝጊያ ያወርድና እንደ ጆንያ ተጭኖ ይመጣል። ክንፉ አጠገብም አይደለም፤ እዚያ መቀመጥ ማለት ቆርቆሮ ላይ አፍጥጦ መዋል ነው። ከክንፉ ኋላ ደግሞ የሞተሩ ሙቀት እይታውን ያርገበግበዋል። ስለዚህ ከክንፉ ፊት ያዝኩላት። አንዳንዱ ረድፍ መስኮት ዳር ይባልና መስኮት የለውም፣ እሱንም አጣርቻለሁ። በዚህ በኩል መጀመሪያ አሸዋውን ታያለች፣ ቀጥሎ ባሕሩን፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ በረዶ የለበሱትን ተራሮች። እኔ በባቡር ሳልፍ አይቻቸዋለሁ። እሷም ታያቸዋለች።

አደራሽን! ማንም «ቦታ እንቀያየር» ቢላት እሺ እንዳትል። እናቴን ታውቂያታለሽ፣ እሺ ማለት ይቀናታል። ሰፋ ያለ ቀሚስም ስፊላት፣ ኪሱ ጠለቅ ይበል።

ቀጮ ነኝ፣ ከነናፍቆቴ

*

ጥቅምት 4

ለቀጮ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ የሩቅ አገር ብርድ ይራራልሽ። እኛ ደህና ነን። እኔ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ወቅት ስለሆነ ከሰማያዊ ጨርቅ ሥር አልወጣሁም፤ አፍንጫዬን ስናፈጥ ሳይቀር ሰማያዊ ብናኝ ነው የሚወጣኝ።

«ደስ ብሎኛል» ልልሽ እስክሪብቶ አነሳሁ። እምቢ አለኝ። ቀናሁ፣ ምን ትሆኚ! በዕድሜዬ ማንም ሰው ለእኔ ወንበር መርጦልኝ አያውቅም። የስፌት መኪናዬ ፊቷ ወደ ግድግዳ ነው፤ እኔም ፊቴ ወደ ግድግዳ ነው። አውሮፕላን ካልሽ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከጣሪያችን በላይ ሲያልፍ ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጥ ነው የማውቀው። ያኔ ክሩ ይበጠስብኛል፣ እሱ ነው የኔ ጉዞ።

ግን ቅናቴን ወዲያ ልበለውና እውነቱን ልንገርሽ፤ ጉልበቷን ረሳሽው እንዴ? እማዬ አሁን ቁጭ ካለችበት ስትነሳ ጠረጴዛ ይዛ ነው። መስኮት ዳር አስቀምጠሻት ሽንቷ ሲመጣ ሁለት ሰው ቀስቅሳ ነው የምትወጣው? ሰው ማስቸገር ደግሞ ሞቷ ነው፣ ይዛው ትውላለች። መተላለፊያው ዳር ይሻላታል። አንቺ ተራራ ታሳያታለሽ፣ እኔ ሽንት ቤት አስባለሁ፤ የሥራ ክፍፍላችን መቼም ይኸው ነው።

እሷ እንደሆነ ዕድሜዋን ሙሉ በከተማ አውቶቡስ መተላለፊያ ላይ ቆማ ትኬት የቆረጠች ሴት ናት። መስኮት ብርቋ አይደለም። ያንቺን ደብዳቤ፣ የወንበሩን ነገር ብቻ፣ አነበብኩላት። ሳቀችና «መስኮት ዳር የሚሻማ መውረጃውን የማያውቅ ሰው ነው» አለች።

ቀሚሱን ጀምሬዋለሁ። ኪሱ እስከ ጉልበቷ ይደርሳል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የመሄጃውን ወንበር እንዲህ አበጥረሽ መርጠሻል፣ የመመለሻውስ? ስትመለስ በየት በኩል ነው የምትቀመጠው? እንዳልረሳው ጻፊልኝ።

ድንቡሼ

*

ጥቅምት 18

ለድንቡሼ፣

ጤና ላንቺ፣ ጤና ለቤቱ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

«እማዬ» አልሽ። ሁለቴ አነበብኩት። እናትሽ የናቴ የአክስት ልጅ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር፤ አንቺ እኛ ቤት የመጣሽ ሰሞን እናቴን «እትዬ» ነበር የምትያት፣ እሱም በ«አንቱ»። እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው «እማዬ» የሆነችው? መቼ ነው አንቺ ያልሻት? ማንስ ጠየቀኝ? ይሄን ስጽፍ አላፍርም። አንቺ ቀናሁ ብለሻል፣ እኔም ቀንቻለሁ። እኩል ነን።

ስለ መስኮቱ ግን አትከራከሪኝ። መጀመሪያ ወደዚህ ስመጣ መሃል ወንበር ነበር የደረሰኝ። በቀኜ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ በግራዬ አንዲት ሹራብ የምትሠራ ሴትዮ። ሰውዬው ገና ሳንነሳ ተኛ፣ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ ደግፎ። አገሬን ስለቅ ያየሁት ጆሮውን ነው። ከዚያ ወዲህ መሃል ወንበር ላይ አልቀመጥም ብዬ ምያለሁ። የምሠራበትን ደግሞ ታውቂያለሽ፣ የሆስፒታል አንሶላ ማጠቢያ፣ ምድር ቤት። መስኮት የሚባል የለም። ዝናብ ይዝነብ ፀሐይ ይውጣ የማውቀው ከላይ በሚመጡት ሰዎች ጫማ ነው። እና ለእናቴ ልሰጣት የምችለው አንድ ነገር ቢኖር መስኮት ነው፤ እሱንም በሽንት አትከልክይኝ!

ስትመጣ ይዛ እንድትመጣ የምትፈልጊያቸውን ሳይሆን እኔ የምፈልጋቸውን ልንገርሽ። ትራሷን፣ ያንን የለመደችውን። ትንሿን ሬዲዮዋን። ሳሎን የተሰቀለውን የአባቴን ፎቶ ከነክፈፉ። ቀዩን ብርድ ልብስም ጠቅልለሽ ጨምሪልኝ፤ እኔና አንቺ የተኛንበትን፣ አንቺ ሁሌ ወደ ራስሽ የምትጎትቺውን።

ቀጮ

*

ጥቅምት 30

ለቀጮ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኛ እንደምንም አለን።

ጥያቄዬን ዘለልሽው። ደብዳቤሽን ገልብጬ ጀርባውን ሳይቀር አየሁ፣ የመመለሻው ወንበር የለም። ሬዲዮው ግን አለ። ትራሱ አለ። የአባትሽ ፎቶ ከነክፈፉ አለ። ቀጮ፣ ለጥየቃ የሚሄድ ሰው የግድግዳ ፎቶ ይዞ ይሄዳል? ሞኝ አደረግሽኝ እንዴ? ልታስቀሪያት ነው።

ልንገርሽ፣ ደብዳቤሽ የደረሰ ቀን ጨርቅ አበላሸሁ። የአንዱን ሱሪ እግር ለሌላው ሰፋሁት።

አንቺ እናቴ ናት ትያለሽ። ናት፣ ማን ካደሽ? ወልዳሻለች። ግን ጠዋት ጠዋት ካልሲዋን የማጠልቅላት እኔ ነኝ። በመድኃኒቷ ሰዓት «በላሁት እኮ» ብላ ስትዋሽ የምይዛት እኔ ነኝ። ማታ ማታ ከኔ ጋር ካርታ ስትጫወት ታጭበረብራለች፣ አውቄ እሸነፍላታለሁ። ይሄን ሁሉ አንስተሽ በአንድ ትኬት ስትወስጂው ምን በይ ትይኛለሽ? አንጀቴ እያረረ መልካም ጉዞ ልበል?

እሷ ምንም አታውቅም። ትናንት ምን እንዳደረገች ልንገርሽ። የምግብ ጠረጴዛውን ወንበሮች አውሮፕላን አስመስላ ደረደረቻቸው። «ልለማመድ» አለች። እኔን መስኮት ዳር አስቀመጠችኝ፣ ማለት ከመጋረጃው አጠገብ። እሷ ትቀመጣለች ስል መሃል ላይ ቆማ «ትኬት! ያልቆረጣችሁ! ጠጋ ጠጋ በሉ!» አለችልሽ። በሳቅ ሞትን። ከዚያ ድንገት ቆም ብላ «ለመሆኑ ሲነሳ ቤታችን ከላይ ይታያል?» አለችኝ። «ጣሪያው ላይ ብወጣ ታዪኛለሽ» አልኳት። «እንዳትወጪ! ትወድቂያለሽ!» ብላ ተቆጣች።

ትራሱን እልካለሁ። ሬዲዮውንም። ፎቶው ያንቺም አባት ነው፣ ይሁን ውሰጂው። ቀዩን ብርድ ልብስ ግን አልሰጥም። ጎትቺው እስቲ ከዚያ ሆነሽ።

ድንቡሼ

*

ኅዳር 8

ለድንቡሼ፣

ሰላም ነው?

አላሳጥረውም፣ አላስረዝመውም። የመመለሻውን ወንበር አልመረጥኩም፤ የመመለሻ ትኬት ስላልቆረጥኩ ነው። ስትደርስ የመኖሪያ ወረቀቷን እጀምርላታለሁ። ተራዬ ነው። ካልሲዋን እኔ ላጥልቅላት፣ ካርታ እኔን ታጭበርብረኝ። አንቺ ያንን ሁሉ ስትጽፊ አንድም ሳታስቀሪ የጎደለኝን ነው የቆጠርሽልኝ። እኔ አንሶላ ሳጥፍ አንቺ የናቴን ሳቅ ስትሰሚ ኖርሽ።

እንዳትነግሪያት። ደርሳ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። ይህን እንኳ ተይልኝ።

ወንበሩ በግራ ነው። እንዳይቀየር።

ቀጮ

*

ኅዳር 17

ለቀጮ፣

እማዬ በሰላም መድረሷን አንዲት የማላውቃት ሴት ስልክ ደውላ ነገረችኝ። «ልጅቱ ሥራ ላይ ናት፣ ንገሪልኝ ብላ ነው» አለች። ባልንጀራሽ መሆኗ ነው። እግዜር ይስጣት። አንቺ ግን እጅሽ ምን ሆነ?

እንደጠየቅሽኝ አልነገርኳትም። ምላሴን ነክሼ ሻንጣዋን ዘጋሁ። ደግሞ አንድ ነገር ከኔ ብትሰሚው ይሻላል፤ ወንበሩ ተቀይሯል። እኔ አይደለሁም! እሷ ናት።

ጉልበቷን አይተው እስከ መመዝገቢያው እንድደግፋት ፈቀዱልኝ። ሻንጣ የሚመዝነውን ሰውዬ «ልጄ፣ ይሄ አውሮፕላን ሲነሳ ሰፈራችን በየት በኩል ነው የሚታየው?» አለችው።

«ሰፈርዎ የት ነው እማማ?»

«ከውሃ ማጠራቀሚያው ሥር፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ።»

«እሱማ በቀኝ ነው የሚሆነው።»

«እንግዲያው ወደ ቀኝ አዙረኝ።»

ሰውዬው ኮምፒውተሩን አየና «በቀኝ እኮ ፀሐይ ነው። ልጅዎ በጣም ጥሩ ቦታ ነው የመረጠችልዎት፣ ይሄንን ለማግኘት ሰው ይጣላል» አላት።

«ፀሐይ መቼ አዲስ ሆነብኝ? እኔ ስንቱን አስቀምጬ አስነስቻለሁ፣ አሁን አንተ እኔን አስቀምጠኝ» አለችው። ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። አዞራት።

«ቀጮ ግራ ነው ብላለች» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደስም ብሎኛል፤ ይኸው፣ እወቂው። በሩ ጋ ስንሰናበት ጉንጬን ይዛ «እንዳትወጪ» ብቻ አለችኝ።

ወጣሁ። ታክሲ ይዤ እየበረርኩ ቤት ገባሁ፣ ከጎረቤታችን ከአናጢው መሰላል ተዋስኩ፣ ቀዩን ብርድ ልብስ ተሸክሜ ቆርቆሮው ላይ ወጣሁ። አናጢው ከታች ሆኖ «አንቺ ሴት፣ ጤና የለሽም?» ይለኛል። ብርድ ልብሱን ዘርግቼ አራቱን ማዕዘን በድንጋይ ጫንኩት። ብዙ አልቆየ፣ አውሮፕላኑ መጣ። እኔም እንደ እብድ እጄን አወናጨፍኩ፤ ክንፉ ሥር ያሉት ጎማዎች ሲሰበሰቡ ሳይቀር አየሁ። መስኮቶቹ ግን የቁልፍ ቀዳዳ ነው የሚያክሉት፣ የትኛው የሷ እንደሆነ በምን ልወቅ?

አይታኝ ይሆን? ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ይህችን ብቻ ጠይቂያትና ጻፊልኝ።

ድንቡሼ

*

ታኅሣሥ 6

ቀጮ፣

ሰላምታ አልጽፍም፣ ተቆጥቻለሁ።

ስደውል አንቺ ነሽ የምታነሺው። «ተኝታለች» ትያለሽ። ሌላ ቀን ስደውል «እየታጠበች ነው»። ስንቴ ነው ይህች ሴት የምትታጠበው? ቆዳዋ አያልቅም? የራሷ ስልክ የላት፣ ቁጥር መምታት አታውቅ፣ አንቺ እጅ ላይ ናት።

ያለችውን ንገሪኝ እንጂ! ካላየችኝም አላየችሽም በይኝ፣ ቁርጤን ልወቅ። ማታ ማታ ካርታውን ለሁለት እደለድልና የሷን ድርሻ መልሼ እከተዋለሁ። ወንበሮቹንም ወደ ጠረጴዛው አልመለስኳቸውም፤ አሁንም እንደ አውሮፕላን ተደርድረው ነው ያሉት። የደንብ ልብስ ሊለኩ የሚመጡ እናቶች ይቀመጡባቸዋል።

ድንቡሼ

*

ታኅሣሥ 22

ለድንቡሼ፣

እንዴት ነሽ? ተቆጥተሽም ቢሆን ሰላም ያድርግሽ። ይህ ሦስተኛው ደብዳቤዬ ነው፤ ሁለቱን ቀደድኳቸው። በመጀመሪያው «አላየችሽም» ብዬ ጽፌ ነበር። ፖስታውን አሽጌ ለሚሄድ ሰው ልሰጥ ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ።

አይታሻለች።

ልንገርሽ እንዴት እንደሆነ። አውሮፕላን ማረፊያው መውጫ በር ላይ አበባ ይዤ ቆሜያለሁ። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፏት ወጣች። ሮጬ አቀፍኳት። ከስንት ዘመን በኋላ የናቴ የመጀመሪያ ቃል ምን መሰለሽ? «ልጄ» አይደለም። «ናፈቅሽኝ» አይደለም። «አትውጪ ብያት ጣሪያው ላይ ወጣች! ትወድቃለች፣ ደውይላት!» ነው ያለችኝ። አበባው እጄ ላይ ቀረ።

ወርዳለች፣ ደህና ናት አልኳት። አልደወልኩም። ደውዬ እንዴት አድርጌ «ከባሕሩም ከበረዶውም አንቺ በለጥሽ» ልበልሽ? ባሕሩን አየሽው ወይ አልኳት፤ ፀሐዩ ዓይኗን ሲወጋት መዝጊያውን እንዳወረደችው ነገረችኝ። «ልጅቷን ካየሁ በኋላ ምን አለ ብዬ?» አለች። ያንን ሁሉ አጥንቼ፣ ረድፍ ቆጥሬ፣ ክንፍ ሸሽቼ! እሷ ዓይኗ እስኪጠፋ ያየችው ቀይ ብርድ ልብስ ነው። አጣቢዎቹ የሥራ ባልደረቦቼ ቤት ሲመጡ በምልክት ታስረዳቸዋለች፤ እጇን ከፍ አድርጋ ታወናጭፋለች፣ አንቺን መሆኗ ነው። ሁሉም አሁን ያውቁሻል። «እህትሽ እንዴት ናት?» ይሉኛል።

«ተኝታለች» ያልኩሽ ቀን አልተኛችም ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ «ማነው?» ትለኝ ነበር።

ካልሲዋን አጠለቅኩላት። «ድንቡሼ ተረከዙን ቀድማ ነው የምታስገባው» አለችኝ። ካርታም ተጫወትን፤ አላጭበረበረችም። ያ ነው ከሁሉ የከፋኝ። ለኔ በሥርዓት ትጫወታለች፣ እንደ እንግዳ።

ያለፈው እሑድ ቁርስ ላይ የመኖሪያ ወረቀቱን ነገር ነገርኳት። የአባቴ ፎቶ ግድግዳው ላይ ነው፣ ሬዲዮው የዚህን አገር ጣቢያ እያንሾካሾከ ነው፣ እሷም ምንም አይገባትም፣ ግን አታጠፋውም። ሰምታ ጨረሰች። ዳቦዋን በእርጋታ አኘከች። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ አድርጋ፣ እንደ ድሮው አውቶቡስ ላይ ጎላ ባለ ድምፅ «ወራጅ አለ!» አለች።

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ቃል ሰምቼ አሽከርካሪውን ሳላስቆም ቀርቼ አላውቅም። የተጣላኝም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን አስቁሜለታለሁ። አንቺ ታሳልፊኛለሽ?» አለችኝ።

ዕቃ ማጠቢያው ጋ ሄጄ አለቀስኩ። ደግሞ እንዲህ አለችኝ፣ ከኋላዬ መጥታ፤ «አንቺን ጥዬሽ አይደለም። አንቺ ስትሄጂ እኮ አላየሽኝም እንጂ እኔም የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነጠላዬን እያውለበለብኩ ነበር።» አላወቅኩም ነበር፣ ድንቡሼ። የሰውዬውን ጆሮ እያየሁ ነበር።

እንግዲህ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ከትኬት ቢሮው አንዲት ሴት ጋር ተጨቃጭቄ አጣርቻለሁ፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍ በዚያው በሰፈራችን በኩል ዞሮ ስለሚገባ ቤታችን አሁን በግራ ነው የሚሆነው። የመመለሻዋ ወንበር በግራ፣ መስኮት ዳር፣ ከክንፉ ፊት ነው። የካቲት 2 ቀን፣ ከቀትር በኋላ ነው የምትደርሰው። ጉልበቷን አትጨነቂ። አጠገቧ፣ መሃል ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው አለ፤ በተነሳች ቁጥር ይነሳላታል። እኔ ነኝ። ፈቃድ ወስጃለሁ። መሐላዬን አፈረስኩ።

አሁንም እቀናለሁ፣ አልደብቅሽም። አንቺ ካልሲዋን ስታጠልቂ ቆሜ አያለሁ፣ ተረከዙን እንዴት እንደምታስገቢ።

ብርድ ልብሱን እጠቢውና ዘርጊላት፤ ጣሪያው ላይ ግን አናጢው ይያዝሽ። እኔ በሷ ትከሻ ላይ ተንጠልጥዬ ነው የማየው፣ ትንሽ ነው የሚደርሰኝ። ስለዚህ አጠገቡ ለኔም አንድ ነገር ዘርጊልኝ። ከሰማያዊው የደንብ ልብስ ጨርቅ ቁራጭም ይሁን፣ ምንም ይሁን። ቀዩ የሷ ነው። የራሴን ነው የምፈልገው።

ቀጮ